ይወረስ ወይስ ይቆይ? የውጭ ኩባንያ የያዘውን ነዳጅ ለመረከብ ያሉት መንገዶች ከነዋጋቸው

ነዳጁ የማን ነው በሚለው ላይ ብዙ ሰው አይጣላም። የሀገሩ ነው፣ አለቀ። ጠቡ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ "ዛሬውኑ ይወረስ፣ እስከ መቼ እንዘረፋለን" ይላል። ሌላው "እንዳትነኩት፣ ቬንዙዌላን አላያችሁም?" ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም አንድ አንድ ሀገር ስም ይጠሩና ወሬው እዚያው ያበቃል። በመካከል ያሉትን መንገዶች የሚያነሳ የለም። እኔ ውርሱንም ጨምሬ ስቆጥር አምስት አገኘሁ፣ አምስቱም በተግባር ተሞክረዋል፣ የእያንዳንዳቸውም ዋጋ ይታወቃል። ("ዓ.ም." ብዬ ካልጻፍኩ በቀር ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኛ ሀገር "ተወረሰ" የሚለው ቃል ራሱ ትዝታ አለው። በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። ኪራይ ቀነሰ፣ ተከራይ ተደሰተ። ከዓመታት በኋላ ግን በቀበሌ ቤት ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጥያቄ መጣ። ጣራው ሲያፈስ ማን ያድሳል? አከራዩ የለም። ቀበሌው "በጀት የለም" ይላል። ተከራዩ በገዛ ገንዘቡ ቆርቆሮ ልቀይር ካለ ደግሞ ፈቃድ አምጣ ይባላል። ስለ ነዳጅ ውርስ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ያ የሚያፈስ ጣራ ነው፣ ስለዚህ ከዚህ በታች የማወዳድረውም በዋናነት እሱን ነው፤ ባለቤቱ በተቀየረ ማግስት ሥራውን ማን ይሠራዋል?

መንገድ ከመምረጥ በፊት

አራት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የውጭ ባለሙያው ነገ ጠዋት ሻንጣውን ቢይዝ ጉድጓዱን የሚያንቀሳቅስ የሀገር ልጅ አለ ወይ? ሁለተኛ፣ ዘይቱን ማን ይገዛል፣ በማን መርከብስ ይጫናል? ይህን ሰው ይረሳዋል። ድፍድፍ ነዳጅ እንደ ቡና በጆንያ ተደርጎ ሌላ ገዢ እስኪመጣ መጋዘን አይቀመጥም። ማጠራቀሚያው ሲሞላ ጉድጓዱን መዝጋት ነው። ሦስተኛ፣ የሂሳብ መዝገቡን ማን ያያል? አራተኛ፣ ካሳው ከየት ይመጣል፣ ካልተከፈለስ ክሱ የት ሀገር ነው የሚታየው?

እንግዲህ መልሶቻችሁን ይዛችሁ ተከተሉኝ።

በአንድ ሌሊት መውረስ፤ የቀናው

ሁሉም የሚጠቅሰው ሜክሲኮን ነው። ማርች 18 ቀን 1938 ማታ ፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ በሬዲዮ ቀርበው የውጭ የነዳጅ ኩባንያዎች ንብረት መወረሱን አወጁ። ከነሱ ውስጥ ትልቁ በሼል ሥር የነበረው ኤል አጊላ ነው። የአሜሪካው ስታንዳርድ ኦይልም ነበረበት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገሩ በደመወዝ ክርክር መጀመሩን ነው። በ1937 የነዳጅ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፣ የሥራ ክርክር ቦርዱ ኩባንያዎቹ 26 ሚሊዮን ፔሶ እንዲጨምሩ ፈረደ፣ ይግባኝ ተባለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አጸና። ኩባንያዎቹ "አንከፍልም" አሉ። በሰው ሀገር፣ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት! ካርዴናስ ሲወርሱ በእጃቸው የመሬት ውስጥ ሀብት የሕዝብ ነው የሚለው የ1917ቱ ሕገ መንግሥት 27ኛ አንቀጽ ነበራቸው፣ ከሱ በላይ ደግሞ ያልተከበረ ፍርድ ነበራቸው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዓለም ፊት ቆሞ "ሕግ አላከብርም ያሉት እነሱ ናቸው" ለማለት ያስችላል።

ለካሳው ሕዝቡ ተሰለፈ። ሴቶች የጋብቻ ቀለበታቸውን፣ ገበሬዎች ዶሮአቸውን ይዘው ሜክሲኮ ሲቲ መጡ። የሕዳሴ ግድብን ቦንድ ለገዛ የእኛ ሰው ስሜቱ አዲስ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ እኛ ለአዲስ ግንባታ ማዋጣታችን፣ እነሱ ለወሰዱት ንብረት ዕዳ ማዋጣታቸው ነው። የተሰበሰበው ከዕዳው አንጻር ትንሽ ነበር። ለካርዴናስ ግን ከገንዘብ በላይ ሆነላቸው፣ ማንም በሀገር ውስጥ ሊቃወማቸው አልደፈረም።

ከዚያ ማዕቀቡ መጣ። ኩባንያዎቹ የሜክሲኮን ዘይት ማንም እንዳይገዛ ዘመቱ፣ መርከብ ጠፋ፣ ቤንዚን ላይ የሚጨመረው ኬሚካል እንኳ እንዳይሸጥላቸው ተደረገ። ከእንግሊዝ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት ተቋረጠ። ሜክሲኮም ለጀርመንና ለጣሊያን መሸጥ ጀመረች። ፋሺስትን አጥብቆ የሚቃወም መንግሥት ዘይቱን ለፋሺስት ሸጠ ማለት ነው። (ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር በዓለም መድረክ ለእኛ ከቆሙት ጥቂት ሀገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች፣ አዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ ያለን በከንቱ አይደለም። ገዢ ሲያጡ ምን ያህል ይጨንቅ እንደነበር ከዚህ ይታያል።)

ታዲያ እንዴት ተረፉ? በእኔ ግምት ሦስት ነገር ረዳቸው። ሠራተኛ ማኅበሩ ጠንካራ ስለነበር ጉድጓዱንና ማጣሪያውን እየጠጋገነም ቢሆን ማንቀሳቀስ ቻለ። ምርቱ ከ1921 ጀምሮ እየወረደ ስለመጣ ብዙው ዘይት እዚያው ሀገር ውስጥ የሚጠጣ ነበር፣ ስለዚህ የውጭ ገበያ ቢዘጋም አልታነቁም። ሦስተኛው ዕድል ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየመጣ ነበርና የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጎረቤታቸው ጠላት እንድትሆን አልፈለጉም። ለአሜሪካ ኩባንያዎች በ1942 ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ተወሰነ። ከኤል አጊላ ጋር የተደረሰው ስምምነት በ1947 ነው፣ የመጨረሻው ክፍያ የተከፈለው ደግሞ በ1962። ቆጥሩት፣ ሃያ አራት ዓመት!

ጣራውስ? ፔሜክስ የሚባለው የመንግሥት ኩባንያ ለአሥርት ዓመታት የመንግሥት የኪስ ቦርሳ ሆነ። ከበጀቱ እስከ ሲሶ የሚደርሰው ከነዳጅ የሚመጣበት ጊዜ ነበር፣ ለአዲስ ፍለጋ የሚተርፈው ግን ትንሽ። ካንታሬል የተባለው ግዙፍ የባሕር ላይ መስክ በ2004 በቀን ከ2 ሚሊዮን በርሜል በላይ ሰጠ፣ ከዚያ በፍጥነት ወረደ፣ የሚተካው አልተዘጋጀም ነበር። ዛሬ ፔሜክስ በዓለም ላይ ዕዳ ከተከመረባቸው የነዳጅ ኩባንያዎች ግንባር ቀደሙ ነው። እንደዚያም ሆኖ አብዛኛው ሜክሲኮአዊ ማርች 18ን በኩራት ነው የሚያስበው። ሁለቱም እውነት ነው።

ያው መንገድ፤ ያልቀናው

ኢራን በ1951 ያደረገችው ከሜክሲኮ ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

በደሉ ከሜክሲኮም የባሰ ነበር። በ1901 ዊልያም ዳርሲ የተባለ ሰው ለ60 ዓመት የሚቆይ ውል ተፈራረመ፣ የኢራን ድርሻ ከተጣራ ትርፍ 16 በመቶ። "ከተጣራ ትርፍ" የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ትርፉን የሚያጣራው በውሉ የቆመው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ መዝገቡን የያዘው ኩባንያው፣ ኢራን የምታየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ። በ1914 የእንግሊዝ መንግሥት የኩባንያውን አብላጫ ድርሻ ገዛ። ከዓመታት በኋላ ኩባንያው ለኢራን ከሚከፍለው ይልቅ ለእንግሊዝ መንግሥት በግብር የሚከፍለው በለጠ። አባዳን ላይ በዓለም ትልቁ ማጣሪያ ቆሞ፣ ሠራተኞቹ "ካጋዛባድ" ማለትም የወረቀት ከተማ በሚባል ጎስቋላ ሰፈር ያድሩ ነበር። ለኩባንያው ማስጠንቀቂያም ደርሶታል፤ በ1950 መጨረሻ ላይ አሜሪካኖቹ ጎረቤት ሳዑዲ ውስጥ ትርፉን እኩል ለእኩል ለመካፈል ተስማምተዋል። እንግሊዞቹ ዘገዩ። በዘገዩበት የኢራን ፓርላማ በማርች 1951 ወረሰ፣ ሞሐመድ ሞሳዴቅም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

አራቱን ጥያቄ አሁን አምጡና አስተያዩ። ባለሙያ? የእንግሊዝ ቴክኒሻኖች በኢራን ኩባንያ ሥር እንዲሠሩ ተጠየቁ፣ አልፈለጉም፣ ተጠቃለው ወጡ። መርከብ? የኢራን የራሷ የነዳጅ መርከብ አልነበራትም። ሮዝ ሜሪ የምትባል መርከብ የኢራን ዘይት ጭና በ1952 ስትጓዝ ኤደን ወደብ ላይ ተያዘች፣ ከዚያ ሌላው ፈራ። ገዢ? ኩዌት፣ ሳዑዲና ኢራቅ ምርታቸውን ጨምረው የኢራንን ቦታ ሸፈኑት፣ ዓለም የኢራን ዘይት መጥፋቱን ብዙም አልተሰማውም። አገር ውስጥ የሚጠጣው ደግሞ ትንሽ ነበር። በቀን ከ600 ሺ በርሜል በላይ ይወጣ የነበረው ዘይት በ1952 ወደ 20 ሺ ገደማ ወረደ።

በሕጉ በኩል ኢራን አልተሸነፈችም። ሞሳዴቅ ሄግ ያለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፣ ፍርድ ቤቱም በ1952 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ብሎ የእንግሊዝን ክስ ዘጋው። ግን በሕግ ያሸነፈ ሁሉ ዘይት ይሸጣል ማለት አይደለም። ኦገስት 19 ቀን 1953 የአሜሪካና የእንግሊዝ ስለላ ድርጅቶች እጅ ያለበት መፈንቅለ መንግሥት ተደርጎ ሞሳዴቅ ወረዱ።

በ1954 የመጣው ስምምነት በወረቀት ላይ ዘይቱም ማጣሪያውም የኢራን ነው ይላል። ሥራውን የሚመራው ግን የኩባንያዎች ኅብረት ሆነ፤ 40 በመቶ የቀድሞው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ 40 በመቶ አሜሪካኖች፣ 14 በመቶ ሼል፣ 6 በመቶ ፈረንሳይ። ኢራን ትርፉን በግማሽ ትካፈላለች፣ የሂሳብ መዝገቡን ግን አታይም፣ በቦርዱም ሰው የላትም። ባለቤት ናት፣ ቁልፉ ግን ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በአንድ ሌሊት መውረስን የምትመርጡት ዘይታችሁን በብዛት ራሳችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ሠራተኛው ከእናንተ ጋር ከቆመ፣ ዓለምም ያለ እናንተ ዘይት የሚቸገርበት ወቅት ከሆነ ነው። ሦስቱም ካልተሟሉ ድፍረቱ ብቻውን አያበላም። ሞሳዴቅን ፈሪ ወይም ሌባ ያለ ሰው ደግሞ የለም፣ ችግሩ የባሕርይ አልነበረም።

ቀስ ብሎ መግዛት

ሳዑዲ አረቢያ አንድም ወታደር አላሰማራችም። የ1933ቱን ውል የያዙት የአሜሪካ ኩባንያዎች ነበሩ፣ አራምኮ ተባሉ። ሳዑዲዎች በ1950 ትርፉን በግማሽ ተካፈሉ። በ1973 ሩቡን ገዙ፣ በ1974 ወደ 60 በመቶ ከፍ አደረጉት፣ በ1980 ሙሉውን ጨረሱ። የውጭ ሰዎቹ አልተባረሩም፣ ባለቤት ከመሆን ወደ ተቀጣሪና ገዢነት ወረዱ እንጂ። ስሙ እንኳ ወደ ሳዑዲ አራምኮ የተቀየረው በ1988 ነው። በመካከሉ ሰው ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል። በልጅነቱ የቢሮ ተላላኪ ሆኖ አራምኮ የገባው አሊ አል ናኢሚ በ1984 የኩባንያው የመጀመሪያ ሳዑዲ ፕሬዚዳንት ሆነ። ከተላላኪነት እስከ ፕሬዚዳንትነት ሠላሳ ሰባት ዓመት። በዚህ መንገድ የሚከፈለው ትልቁ ዋጋ ዕድሜ ነው።

ገንዘቡስ? የ1973ቱ የነዳጅ ዋጋ ንረት ረዳቸው፤ በርሜሉ ከ3 ዶላር አካባቢ በጥቂት ወራት ወደ 12 ዶላር ተጠጋ፣ የሚገዙበትን ገንዘብ ራሱ ዘይቱ ሰጣቸው ማለት ይቻላል። ያ ዕድል ለሁሉም አይመጣም። ሌላው ደግሞ ትዕግሥት ነው፣ በየአራት ዓመቱ ምርጫ የሚጠብቀው መንግሥት ለልጅ ልጁ የሚደርስ ዕቅድ ማቀድ ይከብደዋል።

ቬንዙዌላም መጀመሪያ በዚሁ መንገድ ነው የሄደችው፣ ይህንን "ቬንዙዌላን አላያችሁም" የሚሉት ሰዎች አይነግሯችሁም። በጃንዋሪ 1 ቀን 1976 ስትወርስ ካሳ ከፍላለች፣ የቀድሞዎቹን ኩባንያዎች መዋቅርና ባለሙያ ሳትበትን ነው የተረከበችው። ፔዴቬሳ የተባለው የመንግሥት ኩባንያ ከሃያ ዓመት በላይ ዓለም የሚያከብረው ኩባንያ ሆኖ ሠርቷል፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በቀን ከ3 ሚሊዮን በርሜል በላይ ያወጣ ነበር። ከዚያ የ2002 መጨረሻው የሥራ ማቆም አድማ መጣ። ፕሬዚዳንት ሁጎ ቻቬዝ ወደ 18 ሺ የሚጠጋ ሠራተኛ አባረሩ። አስቡት፣ የትኛው ጉድጓድ በስንት ግፊት እንደሚሠራ የሚያውቀው ኢንጂነር፣ ቧንቧው የት ጋ እንደሚያፈስ የሚያውቀው ፎርማን፣ ሁሉም በአንድ ሰሞን። አድማው ፖለቲካ ነበር፣ መንግሥትንም ለመጣል ያለመ ነበር፣ ይህን አልክድም። ቢሆንም ያ እውቀት ተመልሶ አልመጣም። በ2020 ምርቱ በቀን ከ500 ሺ በርሜል በታች ወርዶ ነበር፣ የአሜሪካ ማዕቀብም አባብሶታል፣ ውድቀቱ ግን ከማዕቀቡ በፊት ነው የጀመረው። እንግዲህ በ1976ም በ2020ም ባለቤቱ ያው መንግሥት ነው። የተቀየረው ጣራ አዳሹ ነው።

ውሉን መቀየር

ቦሊቪያ ላይ ትንሽ ቲያትር አለበት። ሜይ 1 ቀን 2006 ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ ወታደር ወደ ጋዝ መስኮቹ ላኩ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ "ወረስን" ተባለ። በተግባር የሆነው ግን የውል ድርድር ነው። ለትልልቆቹ መስኮች በመሸጋገሪያው ጊዜ 82 በመቶው ለመንግሥት፣ 18 በመቶው ለኩባንያው ተባለ፤ በስድስት ወር ውስጥ አዲስ ውል የማይፈርም ይውጣ ተባለ። ፔትሮብራስ፣ ሬፕሶልና ቶታል ሁሉም ፈርመው ቀሩ። ባለሙያው አልሄደም፣ ገበያውም አልተዘጋም። ገቢው በብዙ እጥፍ አደገ፣ ለአረጋውያን ጡረታና ለተማሪዎች ድጎማ ተረፈ።

ይህ መንገድ ለደሃ ሀገር ከሁሉም ርካሹ ይመስለኛል። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል። ጋዙ ቀድሞ ተገኝቶ፣ ቧንቧው ተዘርግቶ፣ ኩባንያው ገንዘቡን መሬት ውስጥ ቀብሮ መሆን አለበት፤ ያኔ ነው "ወይ ፈርም ወይ ውጣ" ስትለው የሚፈርመው። ሁለተኛው ደግሞ መዘዙ ነው። 18 በመቶ የሚደርሰው ኩባንያ ያለውን ጉድጓድ ያልባል እንጂ አዲስ አይቆፍርም። የቦሊቪያ የጋዝ ምርት ከ2014 አካባቢ በኋላ ማሽቆልቆል ጀመረ፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ናፍጣ ለመቅዳት መኪኖች ተራ ሲጠብቁ የሚያድሩባት ሀገር ሆነች። የወረፋው ምስል እኛም ሰፈር አዲስ አይደለምና ብዙ አላብራራም።

መጀመሪያውኑ ጎን ለጎን ማደግ

ኖርዌይ ምንም አልወረሰችም። ይህን የምለው ሰው ሁሉ "እንደ ኖርዌይ እንሁን" ስለሚል ነው፣ ያደረጉትን ሳያይ።

ታሪኩ አንድ ኢራቃዊ አለበት። ፋሩቅ አል ቃሲም ባስራ ውስጥ በምዕራባውያን ይዞታ የነበረው የኢራቅ ነዳጅ ኩባንያ ጂኦሎጂስት ነበር። ሚስቱ ኖርዌያዊት ናት፣ ልጃቸው ታሞ ሕክምና ስላስፈለገው በ1968 ወደ ኖርዌይ ተሻገሩ። ኦስሎ ሲደርስ የሚቀጥለው ባቡር እስኪነሳ ሰዓታት ነበሩት፤ "እዚህ የሚሠሩ የነዳጅ ኩባንያዎች ካሉ ስማቸውን ስጡኝ" ብሎ ወደ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ጎራ አለ። እዚያ ያሉት ባለሥልጣናት ከሰሜን ባሕር ቁፋሮ የመጣ መረጃ ተከምሮባቸው የሚያነብላቸው አጥተው ነበር። ቀጠሩት! በ1969 ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ ኤኮፊስክ የሚባለውን የነዳጅ መስክ ሲያገኝ ኖርዌይ ቀድሞውኑ ሰውዬው አላት። ኢራቅ ውስጥ ኩባንያው ሁሉን ሲይዝ ሀገሬው እንዴት ተመልካች እንደሚሆን በዓይኑ አይቷል፣ ያንን ነው ኖርዌይ እንዳይደገም ያደረገው። ስደተኛ ዲግሪውን ይዞ ታክሲ በሚነዳበት ዓለም ይህ ታሪክ ሁሌ ይገርመኛል።

በ1972 የመንግሥቱ ነዳጅ ኩባንያ ስታትኦይል (አሁን ኢኩኖር የሚባለው) እና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ተለያይተው ተቋቋሙ። የሚሠራው ሌላ፣ የሚቆጣጠረው ሌላ። ለውጭ ኩባንያ ፈቃድ ሲሰጥ ግማሹ የመንግሥት ይሆን ነበር። ብዙ ሰው የሚዘለው የስታትፊዮርድን ነገር ነው፤ መስኩን መጀመሪያ ያንቀሳቅስ የነበረው የአሜሪካው ሞቢል ሲሆን በ1987 ሥራውን ለስታትኦይል አስረከበ፣ በውሉ መሠረት፣ ያለ ወታደር፣ ያለ ሬዲዮ አዋጅ። በተግባር ነዳጅ ማውጣት ያስተማራቸው ሞቢል ነው ማለት ይቻላል። ግብሩ ደግሞ 78 በመቶ ነው። ኩባንያዎቹ ያለቅሳሉ፣ ግን ይሠራሉ፤ የፍለጋ ወጪያቸው ስለሚታሰብላቸውና ደንቡ በየጊዜው ስለማይገለባበጥ። የተረፈው ገንዘብ የተቀመጠበት ፈንድ ከ1 ትሪሊዮን ዶላር አልፏል።

ለዚህ መንገድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ኖርዌይ ነዳጅ ስታገኝ መርከብ ሠሪ፣ የተማረ ሕዝብ፣ የሚታመን የመንግሥት ሠራተኛ ነበራት። ዕዳ አላስጨነቃትም፣ "ዛሬ ስጡኝ" የሚል ረሃብም አልነበረባትም። መንገዱ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ላለ ሀገር ነው። ከተፈረመ ከሠላሳ ዓመት በኋላ "ኖርዌይ እንሁን" ማለት ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ሀሁ ላስቆጥረው እንደማለት ነው።

ያልሠራህበትን መልስ

አምስተኛውን ሰው አያነሳውም፣ እኔ ግን እወደዋለሁ። ኢራቅ በ1961 በጠቅላይ ሚኒስትር ዓብዱልከሪም ቃሲም ጊዜ 80 ቁጥር የሚባል ሕግ አወጣች። ያ የኢራቅ ነዳጅ ኩባንያ ሀገሩን በሞላ ይዞ የሚያመርተው ከጥቂት ቦታ ብቻ ነበር። ሕጉ የሚያመርትበትን ተወው፣ የቀረውን፣ ከ99 በመቶ በላይ የሆነውን መሬት፣ መልሶ ወሰደ። ያለው ምርት አልቆመም፣ ገዢ አልሸሸም። ኩባንያው ተናደደ፣ ለዓመታትም ምርት ለማሳደግ ዳተኛ ሆነ። ቢሆንም ኢራቅ በ1972 የኩባንያውን መስኮች መውረስ ስትጀምር በተመለሰው መሬት ላይ፣ ሰሜን ሩመይላ ላይ፣ ከሶቪየቶች ጋር የራሷን ዘይት ማውጣት ጀምራ ነበር። ማለትም ስትወርስ የመጀመሪያዋ አልነበረም።

ፍርድ ቤቱን አትርሱ

በ1938 ካሳ የሚያልቀው በአምባሳደሮች ድርድር ነው። ዛሬ ግን አብዛኛው ውል ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ አለ። ቬንዙዌላ በ2007 በኦሪኖኮ አካባቢ ያሉ ፕሮጀክቶች ላይ አብላጫውን ስትወስድ ሼቭሮንና ቶታል በአነስተኛ ድርሻ ቀሩ፣ ኤክሶንና ኮኖኮፊሊፕስ ወጥተው ከሰሱ። በ2019 ለኮኖኮፊሊፕስ ብቻ 8.7 ቢሊዮን ዶላር ተፈረደ። አሜሪካ ውስጥ ያለው የቬንዙዌላ የማጣሪያ ኩባንያ ሲትጎም ለገንዘብ ጠያቂዎቹ መክፈያ እንዲሸጥ ዴላዌር ፍርድ ቤት ቀረበ።

አርጀንቲና ደግሞ በ2012 ከስፔኑ ሬፕሶል ዋይፔኤፍ የተባለውን የአርጀንቲና ነዳጅ ኩባንያ 51 በመቶ ወሰደች። በ2014 ለሬፕሶል 5 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ለመክፈል ተስማማችና ነገሩ ያለቀ መሰለ። አላለቀም። የኩባንያው መተዳደሪያ ደንብ፣ አብላጫውን የሚወስድ ሁሉ ለሌሎቹ ባለ አክሲዮኖችም የግዢ ጥያቄ ማቅረብ አለበት ይላል። አላቀረበችም። በ2023 የኒውዮርክ ዳኛ 16.1 ቢሊዮን ዶላር ፈረዱባት፣ ይግባኙም ቀጠለ። ለዋናው ባለቤት ከተከፈለው ከሦስት እጥፍ በላይ፣ በአንድ ያልተነበበ ደንብ ምክንያት። ጠበቃችሁ ውድ ነው ብላችሁ የምታማርሩ ከሆነ ይህን አስቡ።

ታዲያ የቱ?

ውሉ ገና ካልተፈረመ ኖርዌይን ተመልከቱ፣ ቢያንስ የስታትፊዮርዱን ዓይነት አንቀጽ አስገቡ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ሥራውን ማን እንደሚረከብ ዛሬ ይጻፍ። ውሉ ተፈርሞ ዘይቱ እየወጣ ከሆነና በደሉ በገንዘቡ ክፍፍል ላይ ብቻ ከሆነ ቦሊቪያ ትበቃችኋለች፣ ግን ኩባንያው አዲስ ጉድጓድ የሚቆፍርበትን ያህል ተዉለት። ዋጋ ሲወደድ ገንዘብ ከገባና ጊዜ ካላችሁ እንደ ሳዑዲ ግዙ። ኩባንያው መሬቱን አጥሮ ከተቀመጠ ኢራቅ። በአንድ ሌሊት መውረስ ለእኔ የመጨረሻው ነው፣ ኩባንያው የሀገሩን ፍርድ ቤት እስከመናቅ ሲደርስ፤ ያኔም መርከቡና ገዢው ቀድሞ በምስጢር ከተያዘ ብቻ። በዚህ ላይ ከእኔ ጋር የማይስማሙ ብዙ እንዳሉ አውቃለሁ። "ክብር ዋጋ አይተመንለትም" ይሉኛል። እሺ፣ ግን መርከቡስ?

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል የሚል ካለ፣ ካሉብ የተባለውን የጋዝ መስካችንን አስቡ። በኦጋዴን ጋዙን ያገኘው ቴኔኮ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ። በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች መጥተው ቆፈሩ። ከዚያ የተለያዩ ኩባንያዎች ፈቃድ እየያዙ መጡ፣ ሄዱ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ምርት የተመረቀው በ2018 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፣ በቻይና ኩባንያ በኩል። ግማሽ ምዕተ ዓመት መሬት ውስጥ ተኝቶ የቆየ ጋዝ ላይ "ይወረስ" የሚባል ነገር አልነበረም፣ የሚወረስ ምርት ስላልነበረ። እዚህ ቦታ ላይ ላለ ሀገር ከአምስቱ መንገዶች የሚጠቅሙት ሁለቱ ናቸው፣ የኖርዌዩና የኢራቁ፤ እኔ ውሉን የማንበብ ዕድል ባገኝ በመጀመሪያ የምገልጠው የመንግሥት ድርሻ ስንት በመቶ ነው የሚለውን ገጽ አይሆንም። ኩባንያው በስንት ዓመት ውስጥ ካልቆፈረ ቦታውን ይመልሳል የሚለውን፣ ቀጥሎ ደግሞ የወጪ ደረሰኙን ማን ይመረምራል የሚለውን ነው።